ግራ ቀኙ እኩል የሆነ ማውስ

ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ እኔን ሃጂራን የሚሸውድ ነጋዴ ገና አልተፈጠረም። ለጉራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ ግን ጠይቁ። ትምህርቴን ሰባተኛ ላይ ካቋረጥሁ ወዲህ የቤታችን ሽንኩርት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የእናቴ ጫማ፣ የአባቴ ጃንጥላ ሁሉ የተገዛው በኔ አፍ ነው። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ መልስ አልሰጥም፤ እስቃለሁ። ሳቄን ሲሰማ አሥር ብር ይቀንሳል። ደግሜ ስስቅ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ «በይ ውሰጂና ከፊቴ ሂጂልኝ» ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ልብስ ሊገዙ ሲወጡ እንደ ሚዛን እኔን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ያን ዕለት የሰኔ አጋማሽ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ወደ ካፊያ ተቀይሯል። ውኃ ልቀዳ በጓሮ በር ስወጣ አባቴ ከመስኮቱ ወዲያ ለእናቴ ሲናገር ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ አባቴ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ነገሩ ተቆርጧል ማለት ነው። «እጇን አሟታል» አለ። «ታማ እምትሠራው ማን አስገድዷት ነው? ጃቢር ያችን ጥግ ለሞባይል መሸጫ ፈልጓታል። ያንን የተማሪ ወረቀት ዛሬ ጨርሳ ካስረከበች፣ እሺ። ካላስረከበች ከሐምሌ አንድ ጀምሮ እሱ ይግባበት።» እናቴ «አራት ዓመት ሙሉ የለፋችበት አይደለም ወይ?» አለችው። «ማን ልፊ አላት? ትረፍ።» ከዚያ በኋላ የሰማሁት ብርጭቆ ሲለቀለቅ ብቻ ነው።

እጇን ያመማት እኅቴ ሐዲጃ ናት። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። ጃቢር የአክስታችን ልጅ ነው፤ በጣቱ ላይ ሁለት የብር ቀለበት ያደርጋል፤ ስለ ሞባይል ሲያወራ ምራቁ ይረጫል። ቁርስ ላይ ተቀምጠን እታለምን አየኋት። የቀኝ እጇን አንጓ በአሮጌ ሻሽ ጠምጥማ አስራዋለች። ዳቦውን ቆርሳ ወደ አፏ ስታደርስ ከንፈሯን ትነክሳለች። የሻዩን ብርጭቆ አንዴ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ሁለተኛ አልነካችውም። አባቴ አየ፤ እናቴ አየች፤ እኔም አየሁ። አባቴ ስለ ዝናቡ ተናገረ። እናቴ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚያፈስበትን ቦታ አሳየችው። ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ እታለም ዳቦዋን ፌስታል ውስጥ ከታ ተነሣች። የሰማሁትን አልነገርኋትም። በኋላ እንደገባኝ ግን ከኔ በፊት ሰምታዋለች።

ሱቃችን ፒያሳ ከባንኩ ጀርባ በምትወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። አባቴ አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ የልብስ ገበርና ክር ይሸጣል። እታለም ሥልጠናዋን እንደጨረሰች የሱቁን አንድ ጥግ በኮምፔርሳቶ ጣውላ አስከልላ ኮምፒውተር አስገባች፤ ቀጥሎ ማተሚያውን፣ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒውን። ጥጓ ሁለት ሰው ብታስቀምጥ ነው፤ ሦስተኛው ቆሞ ይጠብቃል። በውጭ በኩል «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ» የሚል ተጽፏል። የጥጓ በር ጨርቁ ሱቅ ውስጥ ነው። ከግንቦት ወዲህ አባቴ ወንበሩን እዚያ በር ላይ አድርጎ፣ በአንድ ዓይኑ መንገዱን፣ በሌላው እታለምን እያየ ይውላል። ጨርቅ ገዢ ጠፍቷል፤ ሰዉ የተሰፋ ልብስ ነው የሚገዛው። ስለዚህ የሚታየው ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

በሁለት ሰዓት የወረቀቱ ባለቤት፣ ትዕዛዙ የሚባል ልጅ፣ ደረሰ። የጭልጋ ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ። የመመረቂያ ጽሑፉን በዝናብ እንዳይርስ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በሸሚዙ ውስጥ ይዞታል። ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ ሰማንያ አንድ ገጽ፣ ሃያ ስድስት ሠንጠረዥ ያለበት። ገጹ ተተይቦ አልቋል፤ የቀረው ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዥ ደግሞ በማውስ ነው የሚሠራው፤ እየጎተቱ፣ እያሰፉ፣ እያጠበቡ። ሦስት ቅጂ ታትሞና ተጠርዞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ ምረቃው ለመጪው ዓመት ይዞራል።

«ንቦቹን አንድ በአንድ ቆጠርሃቸው?» አልሁት።

«ቀፎውን ነው እንጂ።»

«ቀፎውንማ እኔም እቆጥራለሁ። ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርኸው?»

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ሬት ነው እንዴ የቀመስሽ?» አለኝና ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

እታለም ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ስትደርስ ማውሱ ተበላሸ። ቀስቱ እንደ ፌንጣ ከዚህ እዚያ ይዘላል፤ መስመሩን ስትይዘው ይለቃል፤ ስትለቀው ይይዛል። ገመዱ አንገቱ ላይ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ማውስ ነበር፤ ሁሉም እዚያው አንገታቸው ላይ ነው የሞቱት። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ «ዕቃ አትይዝም እኮ ይች ልጅ» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አይታወቅም። እታለም ከመሳቢያዋ መቶ ብር አውጥታ አቀበለችኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ስሚ። ትንሽ ይሁን። ጠቅታው ለስላሳ ይሁን። ገመዱን አንገቱ ላይ ሳብ አድርገሽ እይው። ቅርጹ ሜዳ ይሁን፣ ግራ ቀኙ እኩል የሆነ። ጌጥ አልፈልግም። ቶሎ ነይ።» ይህን ሁሉ ስትል ዓይኗ አባቴ ጀርባ ላይ ነበር።

እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ምስኪን፣ ርካሽ ይሁን ማለቷ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ይዛ ስለማታውቅ ጥሩ ዕቃ መጠየቅ ፈርታ ነው አልሁ። ቆይ አሳያታለሁ። ጃቢርም ያየዋል፣ አባቴም ያየዋል።

መጀመሪያ አያ ዋሴ ጋ ሄድሁ። አያ ዋሴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ከደረጃው ሥር ባለችው ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ የቀለጠ እርሳስ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ የተፈታታ ራዲዮ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። ማውስ ስለው ከጠረጴዛው ሥር ሦስት ጥቁር ማውሶች አወጣ። ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ሜዳ፣ ሳሙና የሚመስሉ።

«ለማን ነው?»

«ለእኅቴ። ለጸሐፊዋ።»

«እጇስ?»

«እጇ ምን?»

«እጇን አምጪ። ማውስ እንደ ጫማ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለካው ብሸጥ ተመልሶ እኔው ላይ ነው የሚጮኸው።»

«ታዲያ እጇን ቆርጬ ላምጣልህ አያ ዋሴ?»

«እሷን ከነእጇ አምጫት። ስድሳ ብር ነው።»

ሳቅሁ። አብሮኝ ሳቀ። ደግሜ ሳቅሁ፤ እሱም ደገመ። ዋጋው ግን ስድሳ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ያናድደኛል። ሦስቱንም ወደ ፊቱ ገፋሁና «ሳሙና አልፈልግም» ብዬ ወጣሁ።

የቢሻው ሱቅ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ነው፤ ባለ መስታወት ሳጥን፣ ውስጡ በመብራት የደመቀ። በር ላይ ዘፈን ተከፍቷል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ሲገቡ እግር መጥረጊያ ካርቶን ተነጥፏል። ቢሻው «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት» ብሎ ተቀበለኝ። እንዲህ የሚለኝ ነጋዴ ሊያታልለኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ በቂ መስሎኝ ነበር። ከመስታወቱ ሥር አንድ ማውስ አወጣ። ማውስ ከማለት ሌላ ነገር ማለት ይሻላል። ጀርባው ጎብጧል፣ ጎኑ ሰርጉዷል፣ ለአውራ ጣት የተለየ ማረፊያ አለው፣ ከሥሩ ሰማያዊ መብራት ይበራል። «ይኸ እጁን ለታመመ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው» አለኝ። «ለመሆኑ ማን ታሟል?» እጁን የታመመ ሰው አለ ብዬ አልነገርሁትም ነበር። እሱ ግን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፤ እኔም እሱ ቢያውቅ ነው ብዬ ተደነቅሁ።

እጄን አስቀመጥሁበት። አውራ ጣቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ መዳፌ ሊጥ ላይ እንደተቀመጠ ሰመጠ። ጠቅታው አይሰማም ማለት ይቻላል። ገመዱን ሳብሁት፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ በክር የተጎነጎነ ነው። እታለም ያለችውን ሁሉ ከሞላ ጎደል ያሟላል አልሁ በሆዴ፤ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ሜዳ ደግሞ ለኳስ ነው። «ስንት ነው?» «መቶ ሰባ።» ሳቅሁ። «መቶ ሃምሳ።» ዞሬ የግድግዳ ሰዓት ዋጋ ጠየቅሁ። «መቶ ሠላሳ፣ ለአንቺ ብዬ።» ቻርጀር አየሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ አየሁ፣ ልወጣ ደጃፍ ደርሼ ተመለስሁ፣ ደግሜ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀብኝ። በመጨረሻ መቶ ብር ሲል መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። ቢሻው ግንባሩን ጠረገ። «አንቺ ልጅ ነጋዴ ብትሆኚ እኛ እንዘጋለን» አለኝ። ካርቶኑን ታቅፌ ቁልቁለቱን ስወርድ ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ባይቆምም አላውቅለትም ነበር።

ሱቃችን ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። የአባቴ ወንበር ባዶ ነው፤ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄዷል። ትዕዛዙ ጥጉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቁጥር ያነባል። እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ኮቴዬን ስትሰማ አንድ ነገር አየሁ። በግራ እጇ የያዘችውን አሮጌ ማውስ በኮምፒውተሩ ፊት አሻግራ ቀኝ በኩል አሳረፈችው፤ ገመዱ ተጎትቶ ጥጉ ላይ ታጠፈ፤ ቀኝ እጇን ከላዩ ላይ ጣለችበት። ይህ ሁሉ የሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ብዙ ጊዜ ያደረገችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። ዞር ብላ እኔ መሆኔን ስታይ ትከሻዋ ወረደ።

ካርቶኑን ራሴ ከፈትሁላት። ትዕዛዙ «ኧረ ሸጋ ነው!» አለ። እታለም ማውሱን አውጥታ ሰካችው፤ ሰማያዊው መብራት በራ። ቀኝ እጇን አስቀመጠችበት። ጀርባው ለኔ እጅ ጎብጦ ነበር፤ ለእሷ ግን ተራራ ነው፤ ያበጠው አንጓዋ ወደ ላይ ተቀለበሰና ፊቷ ጠወለገ። ከዚያ ማውሱን ወደ ግራ አሻገረችው። በግራ እጇ ስትይዘው የአውራ ጣቱ ጉድጓድ በትንሿ ጣቷ በኩል ሆነ፤ የጎበጠው ጎን መዳፏን ይወጋታል። አንድ መስመር ጎተተች፤ አመለጣት። ሌላ ጎተተች። ነቅላ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልላ፣ ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

«ምነው? አያምርም?»

«ያምራል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ግራ ቀኙ እኩል አይደለም።» ግራ እጇን ከፊቴ ዘረጋችው። «እኔ በዚህ ነው የምሠራው።»

«እሱን ምነው ጠዋት አትነግሪኝም ነበር?»

«አባባ በር ላይ ተቀምጦ?»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር አንድ በአንድ የገባኝ። ማውሶቹ አንገታቸው ላይ የሚሞቱት ሰው በመጣ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሰው በሄደ ቁጥር ከቀኝ ወደ ግራ ሲጎተቱ ነው። አባቴ ወንበሩን በር ላይ ካደረገ ወዲህ ደግሞ የሚሄድ ሰው ስለሌለ፣ ቀኑን ሙሉ በማታዝዘው እጇ ስትሠራ ከርማ እጇ አበጠ። ትዕዛዙ ወረቀቱን እያየ ነበር፤ ንብ መቁጠር የለመደ ሰው ዝም ማለት ያውቃል። «ስንት ይቀራል?» አልሁ። «አሥራ አራት» አለች እታለም። ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች። «ትዕዛዙ፣ ሱቁን ጠብቅልን።»

«እኔ? አቡጀዲ ቢጠይቁኝስ?»

«ባለቤቱ አሁን ይመጣሉ በል።»

«ባለቤቱ መጥተው ቢጠይቁኝስ?»

«ንብ ቁጠርላቸው» አልሁት። ግን ልቤ ሳቅ ላይ አልነበረም።

ዳገቱን በፍጥነት ወጣን። የባጃጁ ጭቃ ቀሚሳችንን ረጨው፤ እታለም ዞር ብላም አላየችው። እኔ ዝም ማለት ስለማልችል «አባባ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? በግራ አትብሉ ይላል፣ እሺ፤ ማውስ ምግብ ነው?» አልኋት። ብዙ አትናገርም፤ ያን ቀን ግን ነገረችኝ። «አንደኛ ክፍል ሳለሁ በግራዬ ነበር የምጽፈው። ልጆቹ ግራኝ፣ ግራኝ እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ሌላውን ልጅ ግራኝ ቢሉት ያው ግራኝ ነው። ጎንደር ላይ የዐብዱረሕማንን ልጅ ሲሉ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አባባ አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሰማቸው። ቤት ስንገባ ግራ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር አሰረው። ክረምቱን ሙሉ።»

«ተናዶ?»

«አልተናደደም። እያለቀሰ ነው ያሰረው።»

የሚያስቅ ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። 

ቢሻው ካርቶኑን ሲያይ በጣቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ጠዋት ቻርጀርና ሰዓት ሳይ እሱን አላየሁትም። ሳቅሁ። አላየኝም። ጮኽሁ። ዘፈኑን ከፍ አደረገው። «ጠዋት እመቤቴ ስትለኝ ነበር እኮ!» አልሁት። «አሁንም እመቤቴ ነሽ፤ ዕቃው ግን የራስሽ ነው» አለኝ። ሁለት ገዢዎች አጠገባችን ቆመው ነበር፤ አንደኛው ከንፈሩን መጠጠልኝ። እታለም ከኋላዬ ወደ ፊት ቀረበች።

«ሰላም ነህ ቢሻው?»

«ኧረ! ሐዲጃ! ያንቺ እኅት ናት እንዴ?»

«የኔ ናት። ባለፈው ዓመት የግብር አቤቱታህን ስድስት ጊዜ ሐሳብህን ቀይረህ ስድስት ጊዜ አርሜ ስጽፍልህ፣ የተጻፈ አይታረምም ብዬህ ነበር?»

ቢሻው ዘፈኑን ዝቅ አደረገው። ራሱን አከከ፤ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። «ሜዳውን አሳየኝ» አለችው። አራት አወጣ። ከአያ ዋሴ ማውሶች ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። እታለም እንደኔ አልዳበሰቻቸውም። እያንዳንዱን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አሥር፣ ሃያ ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገችና ሁለቱን ወዲያው ወደ ጎን ገፋች፤ አንደኛው ጠንካራ ነው፣ ሌላው አንዳንዴ ሁለቴ ይጮኻል። የሁለቱን ገመድ አንገታቸው ላይ ጎንበስ ቀና አደረገች፤ አንደኛው ገመዱን አንገቱ ላይ የሚይዝለት ጎማ የለውም። የቀረውን ከቢሻው ኮምፒውተር ጋር ሰካች። መስታወት ላይ ቀስቱ ስለማይሄድ ካርቶን አስነጠፈች። ከዚያ ሁሉም ሰው እያየ ግራ እጇን አስቀመጠችበትና ቀስቱን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ ወሰደችው። ከጥግ እስከ ጥግ መለሰችው። እጇ ከማውሱ ጋር አብሮ የተወለደ ነበር የሚመስለው።

«በግራሽ ነው እንዴ የምትሠሪ?» አለ ቢሻው።

«በግራዬ ነው።»

«መቼ ጀመርሽ?»

«ስወለድ።»

ዋጋው ስድሳ ነበር። አልተከራከረችም፣ አልሳቀችም፣ ሰዓትና ቻርጀር አላየችም። እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ቢሻው አርባ ብር መለሰላት። ጊዜ ቆጥሬ ቢሆን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ስንመለስ አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። ትዕዛዙ ከጎኑ ቆሞ፣ ክንዱ ላይ አቡጀዲ ደርቦ፣ ሁለት ሜትር ሸጦ ነበር። «ጥሩ አድርጎ ለካ» አለ አባቴ። ከዚያ «የት ነበራችሁ?» አለ። እታለም «ማውስ ልንለውጥ» ብላ በጎኑ አልፋ ገባች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ማውሱን ሰካችው። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አዙራ በግራ በኩል አወጣችው። በቀኝ በኩል ለማውስ ክፍት በነበረው ቦታ የትዕዛዙን ወረቀቶች ደረደረችበት፤ ማውስ ልመልስ ብትል እንኳ ማረፊያ እንዳይኖረው። ግራ እጇን አስቀመጠች። አባቴ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሚናገር መሰለኝ። መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል፤ ከውጭ ባጃጅ አለፈ።  ያ ዝምታ የቁርሱ ዓይነት አልነበረም፤ ቁርስ ላይ ሁላችንም ጣሪያ አይተን ነበር፤ አሁን ግን አባቴ ዓይኑን ከእጇ አላነሣም።

ትዕዛዙ ነው የሰበረው። «ሠንጠረዥ አሥራ ሦስት» አለ። «የቀፎ ብዛት በቀበሌ። አንድ መቶ አርባ ሁለት። ዘጠና ሰባት...» እታለም መስመሩን ጎተተች። አላመለጣትም። አባቴ ተነሣ፤ ወንበሩን አነሣ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ጥጉ አድርጎ መልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የምናገረው ብዙ የለም፤ ሥራ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መብራት ብልጭ ድርግም አለ፤ አልጠፋም። በአሥር ሰዓት ከሩብ ሃያ ስድስተኛው ሠንጠረዥ አለቀ። እሷ አተመች፤ እኔ ኮፒ አደረግሁና ጠረዝሁ፤ ትዕዛዙ ገጽ ቆጠረ፣ መቼም መቁጠር ሥራው ነው። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ሦስቱን ጥራዝ በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ፣ ሆዱ እንደ እርጉዝ ተነፍቶ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ጃንጥላውን ረስቶ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሊወስደው ሲመለስ ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ «ተቀበሉኝ! ተቀበሉኝ!» እያለ ነው የመጣው። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ትዕዛዙም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አያ ዐብዱረሕማን» ብሎ እጁን ሳመው።

ጃቢር የመጣው እሱ ገና ሳይወጣ ነው። የአናጢ ሜትር ይዞ፣ ቀለበቶቹን እያብለጨለጨ። ሰላምታውን ሳይጨርስ የሜትሩን ጫፍ የጥጓ በር መቃን ላይ አስያዘና ወደ ውስጥ ሊስብ ጎንበስ አለ። እታለም ከወንበሯ አልተነሣችም። 

«የእሷን ተዋት» አለ አባቴ። በአገጩ ክሩና አዝራሩ ወደተደረደረበት መደርደሪያ ጠቆመ። «ያንን ለካ።»

«ይኸ እኮ የራስዎ ነው አጎቴ። ጠዋት ሌላ ነበር ያሉኝ።»

«ጠዋት ጠዋት ነበር።»

ጃቢር ሜትሩን ለቀቀው፤ ሜትሩ እየተንጣጣ ተጠቀለለ። መደርደሪያውን ለካ፤ ይጠባል አለ፤ ግን ጻፈው። ሲሄድ አባቴ ለመግሪብ ሊወጣ ጃንጥላውን አነሣ። ጥጉ ፊት ሲደርስ ቆመ። ወደ ውስጥ አላየም።

«ስትበዪ ግን በቀኝሽ» አለ።

«እሺ አባባ።»

ወጣ። እታለም ማሽኖቹን አጥፍታ፣ ፎቶ ኮፒውን በጨርቁ ሸፍና፣ አዲሱን ማውስ አቧራ እንዳይገባበት በብርጭቆ ደፋችበት። እኔ የቆርቆሮውን መዝጊያ እየሳብሁ ቀኑን በልቤ አንድ በአንድ ሄድሁበት፤ ስሄድበት ደግሞ የሁሉም ነገር መነሻ እኔ ሆኜ አገኘሁት። ያንን ጎባጣ ማውስ ባላመጣ ወደ ቢሻው አትሄድም ነበር። ቢሻው ጋ ሰው ፊት በግራዋ ባትይዝ፣ አባቴ ፊት አትደፍርም ነበር። ጃቢርም ይኸኔ ጥጓን ለክቶ ጨርሶ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይነገር እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

«እታለም» አልኋት፣ «መቼም እንዲያው ለነገሩ፣ ዛሬ ያለ እኔ ምን ይውጥሽ ነበር?»

የሻሿን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

«ማውስ ግዢልኝ ነበር ያልሁሽ» አለችኝ። «እሱንም እኔው ገዛሁት።»